ስለ ኮምፒዩተር መጫኛ መመሪያና ስለ ነጥቦቹ እርማት

ከዚህ በታች የምንጽፈው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት ተራ ሊመስል ይችላል። ይኸውም በኮምፒዩተር ላይ አዲስ ሲስተም ለመጫን በሚያገለግል የመመሪያ ጽሑፍ ውስጥ ስላሉት ነጥቦች፣ ጭረቶች፣ ክፍት ቦታዎችና ስለ መስመር አሰባበር ነው። የሳይንሱ ተማሪ «ይህ የጸሐፊ ሥራ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ የሥነ ጽሑፉ ተማሪ ደግሞ «ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በሁለቱ መካከል ሥራው ባለቤት አጥቶ ይቀራል። እኛ የፊደል ተማሪዎች ስለ ሆንን ነገሩ ይመለከተናል እንላለን፤ ምክንያቱንም አንባቢ ጥቂት ቢታገሠን እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ጥቂት መናገር ይገባል። ኮምፒዩተር ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የብረትና የሽቦ ክምር ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት መሣሪያውን የሚያስተዳድር፣ ፋይሎችን በየቦታቸው የሚያስቀምጥ፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ተራ የሚያስይዝ ዋና ፕሮግራም ነው። ብዙው ሰው የሚያውቀው ዊንዶውስን ነው። ነገር ግን ምንጩ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ያለ ዋጋ የሚገለበጥ፣ ማንም አንብቦ ሊያርመውና ሊያባዛው የሚፈቀድለት ሌላ ወገን አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የግኑን ሥራ በይፋ አስታወቀ፤ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 ሊኑክስን አወጣ፤ ኢያን መርዶክ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪም በ1993 ዴቢያን የሚባለውን ስብስብ ጀመረ። ያን ጊዜ ቶርቫልድስ የ21፣ መርዶክ የ20 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ይህን የምንጠቅሰው «ተማሪ ምን ሊሠራ ይችላል?» ለሚሉት ነው። በ2004 የወጣውና ስሙን ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የወሰደው ኡቡንቱም የዴቢያን ልጅ ነው።

እነዚህን ሲስተሞች ለመጫን መመሪያ ያስፈልጋል። መመሪያውንም የሚጽፉት፣ የሚተረጕሙትና የሚያርሙት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እንግዲህ በመመሪያው ውስጥ አንድ ነጥብ ያለ ቦታው ቢገኝ አቤት የሚባልበት ሹም የለም፤ ያየው ሰው ራሱ ያርመዋል፤ ካላረመውም እንዳለ ይኖራል።

የመጫኛ መመሪያ ከሌላው መጽሐፍ የሚለይበት ጠባይ አለው። ታሪክ ወይም ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው አንድ ፊደል ቢጎድል ከዐሳቡ ተነሥቶ ይሞላዋል፤ ሁለት ቃላት ተጣብቀው ቢያገኝም ለያይቶ ያነባቸዋል። ኮምፒዩተር ግን ይህን አያደርግም። የተጻፈለትን ብቻ ይፈጽማል፤ ያውም በፍጥነት። ስለዚህ በመመሪያው ገጽ ላይ ያለችው ክፍት ቦታ ለሰው ዕረፍት ስትሆን ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ናት።

ደግሞም የአንባቢውን ሁኔታ ማሰብ ይገባል። መመሪያውን የሚያነበው ሰው ብዙ ጊዜ ያለው መሣሪያ አንድ ነው፤ ያም አንዱ መሣሪያ አሁን በመጫን ላይ ያለው ነው። ሲስተሙ እስኪገባ ድረስ መሣሪያው ሌላ ነገር አያሳየውም። ስለዚህ ተማሪው መመሪያውን አስቀድሞ ወደ አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወስዶ ያሳትመዋል፤ ወይም ጓደኛው ያሳተመውን ያባዛል። በስክሪኑ ላይ በቀለም ተለይቶ የነበረው ቃል በወረቀቱ ላይ ከሌላው ጋር አንድ ዐይነት ጥቁር ይሆናል። ከወረቀቱ ወርድ የሚተርፈው ረጅም መስመር አንዳንዴ ወደ ታች ይሰበራል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ ተቈርጦ ይቀራል። ከወረቀት መገልበጫ የለምና ሁሉንም በጣቱ ይጽፈዋል። የላቲኑ ትንሹ «ኤል» እና የ1 ቍጥር፣ ትልቁ «ኦ» እና ዜሮ፣ ተመሳሳይ ሆነው ከታተሙ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረው የለም። በዚያው ዲስክ ላይ የእኅቱ ፎቶግራፎች፣ የወንድሙ ትምህርት፣ የራሱም የመመረቂያ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። የምንከራከርለት ነገር እንግዲህ የገጽ ውበት አይደለም።

አንዲት ክፍት ቦታ ምን ልታደርግ እንደምትችል በ2011 የሆነው ነገር ያስረዳል። ባምብልቢ የሚባል፣ ሁለት ዐይነት የሥዕል ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች በሊኑክስ እንዲሠሩ የሚረዳ ክፍት ፕሮግራም ነበረ። የመጫኛው ጽሑፍ አንድ አሮጌ ማኅደር እንዲያጠፋ የሚያዝዝ መስመር ነበረው። የማኅደሩ አድራሻ የሚጀምረው «ዩዜር» በሚባለው ታላቅ ማኅደር ነው፤ ከዚያ እየወረደ እየወረደ ወደ ትንሹ ይደርሳል። ጸሐፊው «ዩዜር» ካለ በኋላ ሳያስበው አንድ ክፍት ቦታ አስገባ። ኮምፒዩተሩም ያን አንድ አድራሻ እንደ ሁለት አድራሻ አነበበው፤ የመጀመሪያውም «ዩዜር» ራሱ ሆነ። ከሲስተሙ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የሚቀመጡት እዚያ ነውና፣ ባምብልቢን እንጭናለን ያሉ ሰዎች ሲስተማቸው በእጃቸው ላይ ጠፋ። ጥፋቱ ሲታወቅ የታረመው ያችን አንዲት ክፍት ቦታ በማንሣት ነው። ይህ የሆነው በመጫኛው ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ነገር ግን በመመሪያ ወረቀት ላይ ቢሆን ልዩነቱ ምንድን ነው? ወረቀቱን አይቶ የሚጽፈው ሰው ያንኑ ክፍት ቦታ በገዛ ጣቱ ያስገባዋል።

ይህን ስናነብ ትዝ ያለን የራሳችን ሁለት ነጥብ ነው። የብራና ጸሓፊዎቻችን በቃልና በቃል መካከል ባዶ ቦታ አይተዉም ነበር፤ ሁለት ነጥብ ያኖሩ ነበር እንጂ። ባዶ ቦታ ጥርጥር አለበት፤ ጸሓፊው ሆን ብሎ የተወው ይሁን፣ ወይም ብራናው ሻካራ ሆኖበት የዘለለው ይሁን አይታወቅም። ሁለት ነጥብ ግን የተጻፈ ምልክት ስለ ሆነ «ቃሉ እዚህ ላይ አለቀ» ብሎ ይመሰክራል። ከዚህም የተነሣ ጸሓፊው መስመሩ ሲሞላበት ቃሉን በፈለገበት ፊደል ላይ ሰብሮ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል፤ ጭረት ማግባት አያስፈልገውም። አንባቢው ሁለቱን ነጥብ እስኪያገኝ ድረስ ቃሉ እንዳላለቀ ያውቃልና። በብርሃንና ሰላም የታተሙትን የቀድሞ ጋዜጦች የተመለከተ ሰው ይኸው ሥርዐት ወደ እርሳሱ ፊደል እንደ ተሸጋገረ ያያል። ማተሚያ ቤቱ በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ፊደል ለቃሚዎቹ ሁለት ነጥብን እንደ አንድ ፊደል እየለቀሙ ይደረድሩ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሁለት ነጥቡ ቀረና በቦታው ባዶ ቦታ ገባ። ለፍጥነት ይመቻል፤ ሆኖም ምን እንደ ተውን አናስተውልም።

የኮምፒዩተር መመሪያ ጸሓፊዎች ችግር ይኸው የብራናው ችግር ነው። አንድ ትእዛዝ ከመስመሩ ወርድ ሲረዝም ይሰበራል። አንባቢው በመስመሩ መጨረሻና በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ መካከል ክፍት ቦታ ይኑር አይኑር በምን ይወቅ? ወይስ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው? ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭረት ማኖር ነው፤ «ገና አላለቀም፤ ወደ ታች ቀጥል» ማለት ነው። ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ግን አንድ ተንኰል አለው። ከዚያ ጭረት በኋላ ማንም የማያያት አንዲት ክፍት ቦታ ከተከተለች ምልክቱ ትርጕሙን ይለውጣል፤ መስመሩን መቀጠሉ ይቀርና ትእዛዙ ከግማሹ ይቈረጣል። በመመሪያዎች ላይ ከሚላኩት እርማቶች መካከል «በመስመር መጨረሻ ያለ ክፍት ቦታ ተነሣ» የሚል ያየ ሰው ሊሥቅ ይችላል። ምክንያቱን ሲረዳ አይሥቅም።

ስለ ጭረት ደግሞ የቅርቡን ታሪክ እንናገር። በሊኑክስ ላይ ብዙ ትእዛዞች ተጨማሪ ፈቃድ የሚቀበሉት በአጭር ጭረት ነው፤ አንዳንዱ አንድ፣ አንዳንዱ ሁለት ጭረት ይፈልጋል። የመጻሕፍት አታሚ ግን ሁለት ጭረት ተከታትሎ ሲያይ «ይህስ ረጅም ጭረት መሆን አለበት» ብሎ ያሳምረዋል። ጥቅሱንም ቀጥ ያለ ሆኖ ሲያገኘው ያጐብጠዋል። የጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞችም ይህን ሳይጠየቁ ያደርጋሉ። ገጹ ያምራል፤ ትእዛዙ ግን ይሞታል። ለኮምፒዩተሩ ረጅሙ ጭረትና ሁለቱ አጫጭር ጭረቶች እንደ «ሀ» እና እንደ «ለ» የተለያዩ ፊደሎች ናቸውና።

በ2023 የሆነው ከዚህ የረቀቀ ነው። ግሮፍ የሚባለው፣ የሊኑክስን የማጣቀሻ ገጾች የሚያሰናዳው ፕሮግራም፣ በዚያ ዓመት አዲስ እትም አወጣ። ከጥንት ጀምሮ በግሮፍ ሥርዐት ቃልን ከቃል የሚያያይዘው ጭረት አንድ ነገር፣ ለትእዛዝ የሚያገለግለው ጭረት ሌላ ነገር ነበረ፤ አጻጻፋቸውም ይለያያል። ገጾቹን የጻፉት ሰዎች ግን ለአያሌ ዓመታት ሁለቱን ሳይለዩ የኪቦርዱን አንድ ጭረት ብቻ ሲመቱ ኖረዋል። አዲሱ እትም ሥርዐቱን በጥብቅ ሲያስከብር የቃሉ ማያያዣ በእውነተኛው የማያያዣ ፊደል መታተም ጀመረ። ዐይን ልዩነቱን አይለየውም። ነገር ግን ትእዛዙን ከገጹ ላይ ገልብጦ የለጠፈ ሰው ኮምፒዩተሩ አልቀበልም አለው፤ በገጹ ውስጥ ቃሉን የፈለገም አጣው። የዴቢያን ሰዎች ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በእነርሱ ስብስብ ውስጥ ሁለቱ ጭረቶች አንድ ሆነው እንዲታተሙ አደረጉ። እንደ ሰዋስው መምህር ብንፈርድ እውነቱ የግሮፍ ሰዎች ነበረ። እንደ አንባቢ ስንፈርድ ግን የዴቢያንን እንመርጣለን፤ በሺህ የሚቈጠሩ ገጾች እስኪታረሙ ድረስ አንባቢው ለጸሓፊው ስንፍና ቅጣት መክፈል የለበትምና።

አሁን ወደ ሌላ ነገር እንሻገር፤ ይኸውም በገጹ ላይ «ማን ነው የሚናገረው?» የሚለው ጥያቄ ነው። መጽሐፈ ቅዳሴን የተመለከተ ሰው በየዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.»፣ «ይ.ሕ.» የሚሉ ምልክቶች ያገኛል፤ ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ ማለት ነው። ዲያቆኑ የራሱን ክፍል ሲያዜም «ይ.ዲ.» ብሎ አይጀምርም፤ ምልክቱ ለሚናገረው የተሰጠ ምሪት እንጂ የንግግሩ ክፍል አይደለም። ብዙ ጊዜም በቀይ ቀለም ስለሚጻፍ ዐይን አይሳሳትም።

የመጫኛ መመሪያም እንዲሁ ነው። በትእዛዙ ፊት የዶላር ምልክት ካለ ተራው ተጠቃሚ የሚጽፈው ነው፤ የመሰላል ቅርጽ ያለው የቍጥር ምልክት ካለ ደግሞ ሙሉ ሥልጣን ያለው አስተዳዳሪ የሚጽፈው ነው። እነዚህ የመመሪያው «ይ.ካ.» እና «ይ.ሕ.» ናቸው። ነገር ግን ከትእዛዙ ጋር በአንድ ቀለምና በአንድ የፊደል ቅርጽ ስለሚታተሙ አዲስ ተማሪ አብሮ ይጽፋቸዋል። የዶላሩን ምልክት ቢጽፍ ኮምፒዩተሩ «እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም» ይለዋል። የቍጥሩን ምልክት ቢጽፍ ነገሩ የባሰ ነው፤ ባሽ በሚባለው ትእዛዝ ተቀባይ ዘንድ ያ ምልክት «ከዚህ በኋላ ያለው ማስታወሻ ነው፤ አትፈጽመው» ማለት ስለ ሆነ ምንም ነገር ሳይሆን፣ ምንም የስሕተት መልእክት ሳይመጣ ያልፋል። ተማሪውም የተፈጸመ መስሎት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከሦስት ገጽ በኋላ ነገሩ ሲበላሽ ምክንያቱን ከዚያች ምልክት ጋር ማን ያገናኘዋል? ይህን ለማረም ምልክቱን ከትእዛዙ መለየት ይበቃል፤ በገጹ ላይ በሌላ ቀለም፣ ወይም ሲገለበጥ አብሮ እንዳይነሣ አድርጎ፣ ወይም በወረቀት ለሚያነበው በመግቢያው ላይ በግልጽ ተናግሮ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። በጸሎት መጽሐፍ «እገሌ» ተብሎ የተጻፈበት ቦታ አለ፤ ካህኑ እዚያ ሲደርስ የሚጸለይለትን ሰው የክርስትና ስም ያገባበታል። «እገሌ» ብሎ የሚያነብ ካህን የለም። የዴቢያን መመሪያ ሲስተሙን ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ በሚያስተምርበት ክፍል ዲስኩን በስሙ እንዲጠሩ ያዝዛል፤ ስሙም «ኤስ ዲ» ከሚሉት ሁለት ትንንሽ የላቲን ፊደሎች ቀጥሎ አንድ ፊደል ነው። የመጀመሪያው ዲስክ «ኤ»፣ ሁለተኛው «ቢ» እያለ ይሄዳል። መመሪያው የአንባቢውን ዲስክ ስለማያውቅ በመጨረሻው ፊደል ቦታ ትልቁን «ኤክስ» ያኖራል። ይህ «ኤክስ» የመመሪያው «እገሌ» ነው። ተማሪው «ኤክስ»ን እንዳለ ቢጽፍ ኮምፒዩተሩ በዚያ ስም አዲስ ፋይል ይፈጥርና ሁሉንም እዚያ ይገለብጣል፤ ፍላሹም ባዶውን ይቀራል። የከፋው ደግሞ ሳያስተውል «ኤ» ብሎ ቢጽፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያ ስም የራሱ የመሣሪያው ዲስክ ነውና ጽሑፉም ፎቶግራፉም አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ምትክ ፊደል ዘንበል አድርጎ ማተምና «በዚህ ቦታ የራስህን አግባ» ብሎ መናገር ስንት ሰዓት ይፈጃል? አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እንግዲህ እርማቱ እንዴት እንደሚሠራ እንናገር። የዴቢያን መመሪያ ዶክቡክ በሚባል ሥርዐት የተጻፈ ነው። በዚህ ሥርዐት ጸሓፊው «ይህን አድምቀው፤ ያን አዝንብለው» አይልም፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ብቻ ይናገራል። ይህ ትእዛዝ ነው፣ ይህ የፋይል ስም ነው፣ ይህ አንባቢው የሚጽፈው ነው፣ ይህ በሌላ የሚተካ ነው እያለ በምልክት ያጥራል። ከዚያ በኋላ ከአንድ ምንጭ ለድር፣ ለወረቀትና ለተራ ጽሑፍ የሚሆኑ ሦስት ዐይነት እትሞች ይወጣሉ። ስለዚህ አንድ ትእዛዝ ተራ ቃል መስሎ ከታተመ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጸሓፊው አጥሩን መርሳቱ ነው። አራሚው አጥሩን ያኖርና ልዩነቱን ያሳያል፤ የተነሣው መስመር በመቀነስ ምልክት፣ የገባው መስመር በመደመር ምልክት ተጽፎ ለመመሪያው ጠባቂዎች ይላካል። ይህን ለማድረግ ፕሮግራም መጻፍ ማወቅ አያስፈልግም። የማተሚያ ቤት አራሚ በረቂቁ ዳር የሚጽፈውን ምልክት የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን ይለምደዋል።

ሆኖም አራሚ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። መመሪያው ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ፣ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ወደ ፖርቱጋልኛ፣ ወደ ጃፓንኛና ወደ ሌሎችም ተተርጕሟል። ትርጕሙ የሚቀመጠው በጥንድ ነው፤ የእንግሊዝኛው አንቀጽ ከላይ፣ ትርጕሙ ከታች። ከላይ ያለው በአንዲት ነጥብ እንኳ ቢለወጥ ጥንዱ «አጠራጣሪ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ተርጓሚው አይቶ እስኪያጸድቀውም ድረስ ትርጕሙ ይታገድና አንባቢው በቦታው እንግሊዝኛውን ያገኛል። እንግዲህ አንድ ሰው ለዐይኑ ስላላማረው ብቻ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቢያነሣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተርጓሚዎችን ሥራ ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አራሚዎች ትርጕም የማይነካ እርማት ሲያገቡ የሁሉንም ቋንቋዎች ጥንድ አብረው ያስተካክላሉ፤ አለዚያም እርማቱን ይተዉታል። አንባቢውን የሚያሰናክል ጥፋት ግን ምንም ቢያስቸግር ይታረማል። በእኛ ዘንድ ይህ ልዩነት የዚህ ሥራ ዋናው ጥበብ ነው፤ እርማት የሚወዱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ መተው የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው።

ስለ ዐማርኛስ ምን እንላለን? የዴቢያን መጫኛ ሲነሣ ከሚያቀርባቸው ቋንቋዎች አንዱ ዐማርኛ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ተርጕመውታል። መመሪያው ራሱ ግን በዐማርኛ የለም። ማለትም መጫኛው በዐማርኛ ይጠይቃል፤ ተጠያቂው መልሱን በእንግሊዝኛ ይፈልጋል። ይህን መመሪያ ለመተርጐም የሚነሣ ሰው ይነሣል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ከመነሣቱ በፊት ግን ስለ አቀማመጡ ሊቈርጣቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የነጥባችን ነገር ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው በ3ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የግእዝ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ቍጥር ይቈጥር ስለ ነበረ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ሁለት ነጥባችን የራሱ ቍጥር አለው፤ 4961 ነው። የላቲኑ ሁለት ነጥብ ደግሞ 58 ነው። በሊኑክስ ውስጥ ብዙ የአስተዳደር ፋይሎች፣ የተጠቃሚዎችም መዝገብ ጭምር፣ ክፍሎቻቸውን የሚለዩት በላቲኑ ሁለት ነጥብ ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ መንትያ ናቸው። በዐማርኛ ኪቦርድ ላይ ያለ ሰው የእኛን ቢያኖር ግን መዝገቡ ይበላሻል። ስለዚህ መመሪያው «ከዚህ ላይ ወደ ላቲን ኪቦርድ ተመለስ» ብሎ በየቦታው መናገር ይኖርበታል። አራት ነጥብም እንዲሁ ነው። በዐማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ትእዛዙ ብዙ ጊዜ ከዐረፍተ ነገሩ መካከል ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ን» ወይም «ከ» ወይም «በ» ይለጠፍበታል። የላቲን ትእዛዝ የዐማርኛ መስተዋድድ ተለጥፎበት ሲታተም የትኛው የማን እንደ ሆነ ለጀማሪ አይታወቅም። እኛ የምንደግፈው «የሚከተለውን ትእዛዝ መጻፍ ነው» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ ዘግቶ፣ ትእዛዙን ለብቻው በአዲስ መስመር፣ ምንም ነጥብ ሳያስከትሉ ማኖርን ነው። ገጹ ይረዝማል፤ ይርዘም።

ቍጥርም አለ። አንዳንድ ወዳጆቻችን የግእዝ ቍጥር በመመሪያው ውስጥ እንዲገባ ይፈልጋሉ። ለምዕራፍና ለክፍል ተራ ቢሆን እኛም ደስ ይለናል። በትእዛዝና በዲስክ ቍጥር ላይ ግን አይሆንም፤ የግእዝ ቍጥር ዜሮ የለውም፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ብዙ ነገር የሚቈጥረው ከዜሮ ጀምሮ ነው።

ሥራውን ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ከመመሪያው አራተኛ ምዕራፍ ይጀምር፤ ፍላሽ ስለ ማሰናዳት የሚናገረው ክፍል እዚያ ነው፤ «ኤክስ» የሚባለው እገሌም እዚያው ይገኛል። አጭር ነው፤ ጥፋት ቢኖርበት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው እርሱ ነው። እኛም ይህንኑ ክፍል ወደ ዐማርኛ ለመመለስ ሞክረን ጥቂት አንቀጾች ተጕዘናል። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ወንድ፣ ሴት፣ አንቱ አይልም፤ በዐማርኛ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ከመካከላችን እኩሌቶቹ «ጻፍ» ይባል፤ አጭር ነው፣ የመማሪያ መጻሕፍት ልማድም ነው ይላሉ። እኩሌቶቹ «ይጻፉ» ይባል፤ ሴቶቹም ታላላቆቹም ያነቡታል ይላሉ። «መጻፍ ነው» የሚለውን መካከለኛ መንገድ ለጊዜው ይዘን ቀጥለናል፤ የተሻለ ያለው ሰው ለዝግጅት ክፍሉ ቢጽፍልን በደስታ እንቀበላለን።